ብቻውን ያደሳት ጀልባ
የካፒቴን ጆሹዋ ስሎከም የሕይወት ታሪክ



በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን የታወቁ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ለምዳችኋል። እኔም በበኩሌ ለዘንድሮ ያሰናዳሁላችሁ ንጉሥም የጦር አለቃም ያልነበረ፤ ነገር ግን አንዲት የበሰበሰች የሸራ ጀልባ በገዛ እጁ አድሶ ስሙን በዓለም ያስጠራ የአንድ መርከበኛ ታሪክ ነው። እኛ የደጋ ሰዎች ስለ ውቅያኖስ ምን አገባን የሚል ቢኖር፤ ነገሩ ስለ አናጢነት፤ ስለ ጎረቤትና ስለ መቃብርም ጭምር ነውና ታግሦ ያንብብልኝ። ዓመተ ምሕረቱን የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጆሹዋ ስሎከም የተወለደው ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1844 ዓ.ም. ነው። የእኛው ዐፄ ምኒልክም የተወለዱት በዚያው ዓመት ነውና ዘመኑን በዚህ መገመት ይቻላል። የትውልድ አገሩ በዛሬዋ ካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ላይ የምትገኘው ኖቫ ስኮሺያ ስትሆን፤ ለወላጆቹ ከአሥራ አንድ ልጆች አምስተኛው ነበር። አባቱ በመጀመሪያ ገበሬ ነበር። ኋላ ግን ቤተሰቡን ይዞ ብራየር ወደምትባል ደሴት ወርዶ ለዓሣ አጥማጆች ቦት ጫማ መስፋት ጀመረ። ጆሹዋም ገና በአሥር ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በጫማው ሥራ ተጠመደ። አባትየው ቁጡ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ልጁ ምድር ቤት ተደብቆ ትንሽ መርከብ ከእንጨት ሲፈለፍል ቢያገኘው ቀምቶ ሰባበረበት ይባላል። መቸስ ልጅ የወደደውን ሲነጥቁት ይብሰዋል እንጂ አይተወውም። በ14 ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ በአንዲት የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ላይ በወጥ ቤትነት ተቀጠረ፤ ምግቡን ግን አላወቀበትምና መርከበኞቹ ገና የመጀመሪያውን ሲቀምሱ አባረሩት። በ1860 ዓ.ም. እናቱ ስትሞት ከዚያ ቤት የሚያስቀረው ነገር አልነበረም። በ16 ዓመቱ ለሁልጊዜው ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ከተራ መርከበኛነት ተነሥቶ፤ የባሕር መንገድ ስሌቱን ራሱ እያነበበ ተምሮ፤ በ1869 ዓ.ም. ካፒቴን ለመሆን በቃ። ዜግነቱንም አሜሪካዊ አደረገ። በ1871 ዓ.ም. አውስትራሊያ ውስጥ በሲድኒ ከተማ ቨርጂኒያ ዎከር የምትባል ልጅ አገባ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የባልና የሚስቱ ቤት መርከብ ሆነ። ከወለዷቸው ሰባት ልጆች ያደጉት አራቱ ብቻ ናቸው። ስሎከም ከካሊፎርኒያ እስከ ቻይና፤ ከፊሊፒንስ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጭነት እያመላለሰ ኑሮው ደህና ነበር። ሀብትም ክብርም አግኝቶ ነበር።

መከራው የመጣው በ1884 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በጁላይ ወር መርከባቸው በአርጀንቲና በቦነስ አይረስ ወደብ ቆማ ሳለ ቨርጂኒያ ታማ በ34 ዓመቷ አረፈች። የተቀበረችውም ዘመድ በሌለበት በባዕድ አገር ነው። እንግዲህ ለእኛ ለዕድርተኞች ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ መናገር አያሻም። ያለ ጡሩንባ፤ ያለ ድንኳን፤ አስተዛዛኝ ጎረቤት በሌለበት ወደብ ሚስትን ቀብሮ፤ ልጆችን ይዞ ወደ ባሕር መመለስ ማለት ነው። ከልጆቹ አንዱ ኋላ እንደ ተናገረው አባታቸው ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ሰው አልሆነም።

በ1886 ዓ.ም. ሄቲ የምትባል የሥጋ ዘመዱን አገባ። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ግን ያለ የሌለ ገንዘቡን ያፈሰሰባት መርከብ ብራዚል ጠረፍ ላይ አሸዋ ውስጥ ተተክላ ተሰባበረች፤ የመድን ዋስትናም አልነበራትም። ታዲያ ይህ ሰው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከስብርባሪው የተረፈውንና ከጫካ የቆረጠውን እንጨት ገጣጥሞ 35 ጫማ ርዝመት ያላት ጀልባ ሠራ፤ ሸራዋን ሚስቱ ሰፋች። ጀልባዋ ውኃ ውስጥ የገባችው ሜይ 13 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን፤ ብራዚል ባሪያ ነጻ ያወጣችው በዚያው ዕለት ነበርና ስሟን በፖርቱጋል ቋንቋ ነጻነት፤ ሊበርዳጅ አላት። በዚህች ጀልባ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ጭኖ ከ5,000 ማይል በላይ ተጉዞ አሜሪካ ገባ። ሄቲ ግን ከዚያ ጉዞ በኋላ ባሕር በቃኝ አለች። ማን ይፈርድባታል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1892 ዓ.ም. ክረምት ስሎከም 48 ዓመቱን ሊይዝ ሲቃረብ ቦስተን ከተማ ሥራ ፈትቶ ይንከራተት ነበር። የሸራ መርከብ ዘመን አልፎ የእንፋሎት መርከብ ጊዜ ደርሷል፤ ዛሬ የተሻረ ሙያ ያለው ሰው እንደሚሆነው ነው የሆነው። በመርከብ መሥሪያ ቦታ አናጢ ልሁን ቢል በመጀመሪያ ለአንድ ማኅበር 50 ዶላር መክፈል አለብህ አሉት፤ ገንዘቡ ደግሞ የለም። በዚህ ጊዜ ኢበን ፒርስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የዓሣ ነባሪ አዳኝ ካፒቴን ያገኙትና፤ ፌርሄቨን በሚባለው መንደር ጥቂት ጥገና የሚያስፈልጋት ጀልባ አለችኝ፤ እንካ ውሰዳት ይሉታል። በማግሥቱ ደስ ብሎት ሄደ።

ሄዶ ያየው ነገር እንዲህ ነው። ጀልባዋ ከባሕሩ ርቃ ሜዳ ላይ በድጋፍ እንጨት ቆማ፤ በአሮጌ ሸራ ተሸፍና ሰባት ዓመት ተቀምጣለች። ስሟ ስፕሬይ ነው፤ የማዕበል ርጭት እንደ ማለት። ድሮ የባሕር ዛጎል መልቀሚያ ነበረች። የመንደሩ ሰዎች በአንደኛው ዓመተ ምሕረት ነው የተሠራችው እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ሽማግሌው ካፒቴን ፒርስ ቀልድ ቢጤ ሠርተውበታል። ስሎከም ዙሪያዋን ሲዞር ጎረቤት ተሰብስቦ ያይ ጀመር፤ ሁሉም የገመተው ሰውየው አፍርሶ እንጨቷን ሊወስድ የመጣ ነው ብሎ ነው። የለም፤ አድሳታለሁ ሲላቸው ገረማቸው። ከዚያ በኋላ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ ታዋጣለህ ወይ የሚል። እውነትም ታዋጣለች ወይ? እሱ ግን አዋጥቼ አሳያችኋለሁ ብሎ መጥረቢያውን አነሣ።

መጀመሪያ በአቅራቢያው አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ቆረጠ። ኦክ እንደ እኛ አገር ወይራ ጠንካራና ብዙ ዘመን የሚኖር እንጨት ነው። ከዚህ ዛፍ የጀልባዋን የታች አግዳሚ፤ እንደ አከርካሪ አጥንት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደውን፤ ጠርቦ አወጣ። አንድ የአካባቢው ገበሬ ግንዱን በጥቂት ክፍያ ጎትቶ አመጣለት። ቀጥሎ የጎን አጥንቶቿ ተራ ሆነ። ቀጫጭን ቀጥ ያሉ ዛፎች ቆርጦ፤ ከሳንቃ የተሠራ ረጅም ሣጥን ውስጥ ከትቶ፤ ከሥር ድስት ጥዶ በእንፋሎት እስኪለሰልሱ ያበስላቸዋል። ከዚያ ትኩስ እንዳሉ በግንድ ላይ አጉብጦ ቅርጹን እስኪይዙ አስሮ ይተዋቸዋል። ባርኔጣ በውኃ ትነት ቅርጹ ሲመለስ ያየ ሰው ዘዴው ይገባዋል።

ጎረቤቶቹ በየቀኑ እየመጡ ያጫውቱት ነበር። የዓሣ ነባሪ አዳኝ የነበሩ ሽማግሌ ካፒቴኖች ከሩቅ ድረስ እየመጡ ሥራውን ይመረምራሉ፤ ይከራከራሉ፤ ይመክራሉ። የፊቷ እንጨት ተተክሎ ከአከርካሪዋ ጋር የታሰረ ቀን እንደ በዓል ተቆጠረ። ይህ የፊት እንጨት ከጥሩ የግጦሽ ሜዳ ኦክ ጉቶ የወጣ ነበረና፤ ከዓመታት በኋላ በሕንድ ውቅያኖስ ኪሊንግ ደሴቶች ዘንድ ከኮራል ድንጋይ ጋር ቢጋጭ ድንጋዩ ተሰነጠቀ እንጂ እንጨቱ ጭረት እንኳ አልያዘውም።

ግንቡ ሲቆም ሳንቃ ማልበስ ተጀመረ። ሳንቃው ከጆርጂያ አገር የመጣ የጥድ ዓይነት እንጨት ሲሆን ውፍረቱ አንድ ኢንች ተኩል ነበር። በዚህ ላይ ብቻውን መሆኑ አደከመው፤ ረጅም ሳንቃ አንድ ሰው ብቻውን አጉብጦ ሲመታ አስቡት። ሆኖም ሳንቃዎቹን በውስጥ በኩል ብርሃን እንዳያሳልፉ አድርጎ አቀራርቦ ገጠመ፤ በውጭ በኩል ግን መድፈኛ የሚገባበት ጥቂት ክፍተት ተወ። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ብሎን በሥራው ሁሉ ላይ አጠበቀ። በክፍተቱ ጥጥና ከአሮጌ ገመድ የተፈታ ቃጫ እየጠቀጠቀ ውኃ እንዳያስገባ ደፈነ። ባሕሩን እንድትቋቋም ጎኗን ከበፊቱ ከፍ አደረገው፤ ወገቧ ላይ 12 ኢንች፤ ከፊቷ 18 ኢንች። በመጨረሻ ከታች የመዳብ ቀለም፤ ከላይ ነጭ ቀለም ቀባት።

አንድ የማይረሳ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ሲሠራ ከጀልባዋ አጠገብ አንድ አሮጌ መቃብር ነበር። በ1620 ዓ.ም. ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ከመጡት አንዱ የሆነው ጆን ኩክ እዚያ አርፏል። በመቃብሩ ላይ የቼሪ ዛፍ አጎንብሶበት፤ ጊዜው ሲደርስ ስሎከም ከጀልባው ወለል ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ፍሬውን ይለቅም ነበር። በባሕር መጥቶ ያረፈ አዛውንት መቃብር አጠገብ ሌላው የባሕር ሰው መንገዱን ያሰናዳ ነበር ማለት ነው።

ሥራው 13 ወር ፈጀ። ለዕቃ ያወጣው ገንዘብ 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ነው፤ እሱንም ያገኘው በየመካከሉ ወደቡ ዘንድ መርከብ በመጠገን እየተቀጠረ ነው። እኛ እንደምንለው ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ስትጠናቀቅ ርዝመቷ 36 ጫማ ከ9 ኢንች፤ ስፋቷ 14 ጫማ ከ2 ኢንች ሆነ። በሙከራው ቀን ካፒቴን ፒርስ አብረውት ተሳፈሩ፤ ቀልዱ በማን ላይ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታወቀ።

ታዲያ አንድ ክርክር ተነሣ። ከአሮጌዋ እንጨት የቀረ ነገር የለም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየተተካ ሁሉም አዲስ ሆኗል። ይህች ስፕሬይ ናት ወይስ ሌላ ጀልባ? ስሎከም በባሕር ሰዎች ዘንድ የቆየውን ደንብ አነሣ። መርከብ ከአሮጌው ላይ እየተጠገነች ሁለመናዋ አዲስ ቢሆን እንኳ በስሟ ትጠራለች የሚል ነው። ስለዚህ ስሟ ስፕሬይ ሆኖ ቀረ።

ለአንድ ወቅት ዓሣ ቢያጠምድባት አልሆነለትም። ኤፕሪል 24 ቀን 1895 ዓ.ም. በ51 ዓመቱ ብቻውን ከቦስተን ተነሣ። አሳቡ ምድርን መዞር ነው፤ ከእሱ በፊት ብቻውን ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም። የሚገርመው ዋና አያውቅም ነበር። ለመንገድ ስሌት የሚያስፈልገውን ሰዓት ለማሠራት 15 ዶላር ቢጠይቁት ትቶት፤ ፊቱ የተሰበረ የቆርቆሮ ሰዓት በአንድ ዶላር ገዝቶ ይዞ ሄደ።

ጉዞውን ሁሉ መዘርዘር መጽሔቱን ይሞላዋል። አትላንቲክን አቋርጦ ጂብራልታር ሲደርስ በሜዲትራንያን ሽፍታ አለ ስላሉት መንገዱን ወደ ምዕራብ አዞረ፤ ሽፍቶቹ ግን ሞሮኮ ጠረፍ ላይ አባረሩት፤ ለጥቂት አመለጠ። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ የማጄላንን ወሽመጥ አልፎ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ የወጣው ማርች 3 ቀን 1896 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል በሆነ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። ወዲያው አውሎ ነፋስ ሸራውን በጣጥሶ ወደ ኋላ መለሰው፤ ወሽመጡንም እንደገና ማለፍ ግድ ሆነበት። በዚያ አካባቢ ሌሊት የሚመጡ ሰዎች ስለነበሩ አንድ ወዳጁ የሰጠውን የምንጣፍ ምስማር ሾሉን ወደ ላይ አድርጎ ወለሉ ላይ በትኖ ተኛ። በባዶ እግራቸው የወጡት ጯሂዎች ሆነው ወደ ባሕሩ ዘለሉ።

የጀልባዋ አሠራር የታወቀው ከአውስትራሊያ በኋላ ነው። መሪውን አስሮ ሸራውን ካስተካከለ እሷ ራሷ መንገዷን ትይዝ ነበር። ወደ ኪሊንግ ደሴቶች 2,700 ማይል በ23 ቀን ሲሄድ እሱ መሪ የጨበጠው ጠቅላላ ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ይህ ሚዛን ከየትም አልመጣም፤ ከዚያ ከ13 ወር ሥራ ነው። በደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ክሩገርን አገኘ፤ እኒህ ሰው ምድር ዝርግ ናት ብለው ያምኑ ነበርና ዙሪያዋን መዞር አይቻልም ብለው ተቆጡት። ከሴንት ሄሌና ደሴት የሰጡት ፍየል ደግሞ የመንገድ ካርታውን በላበት። በዚህ ሁሉ አልፎ ጁን 27 ቀን 1898 ዓ.ም. ኒውፖርት ወደብ ገባ። 46,000 ማይል ሄዶ፤ ከሦስት ዓመት ከሁለት ወር በኋላ መሆኑ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላም ወደ ፌርሄቨን ሄዶ፤ ጀልባዋ የመጀመሪያ ቀን ውኃ ስትገባ የታሰረችበት የዝግባ ችካል ላይ መልሶ አሰራት።

በ1900 ዓ.ም. ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ ታትሞ ዝናው ወጣ። በ1902 ዓ.ም. ማርታስ ቪንያርድ በተባለችው ደሴት ቤትና መሬት ገዛ፤ እርሻ ግን አልያዘውም። ክረምት ክረምት ብቻውን ወደ ዌስት ኢንዲስ ደሴቶች ይሄዳል። በእነዚያ ዓመታት ያዩት ሰዎች እንደ ጻፉት እሱም ጀልባዋም ተጎሳቁለው ነበር፤ ገመዷ አርጅቶ፤ እንጨቷ ላልቶ። በኖቬምበር 1909 ዓ.ም. በ65 ዓመቱ ወደ ደቡብ አሜሪካ ወንዞች ለመሄድ ብቻውን ከዚያች ደሴት ተነሣ። ከዚያ በኋላ እሱንም ስፕሬይንም ያየ የለም። ሬሳ አልተገኘም፤ ስባሪ እንጨት አልተገኘም። ፍርድ ቤት ሞቷል ብሎ የወሰነው በ1924 ዓ.ም. ነው። ሚስትና ልጆች አሥራ አምስት ዓመት ያህል መርዶ ሳይረዱ ኖሩ ማለት ነው። ለቅሶ መቀመጫ ቀን የሌለው ሐዘን እንዴት ይከብዳል!

ይህን ታሪክ ለዕድራችን መጽሔት የመረጥኩበት ምክንያት እንዲህ ነው። ሁልጊዜ ብቻውን ሠራ፤ ብቻውን ሄደ ተብሎ ይጻፍለታል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ጀልባዋን የሰጡት ካፒቴን ፒርስ ናቸው፤ ግንዱን የጎተተለት ገበሬ ነው፤ ልቡን ያጸኑለት እየመጡ ያጫወቱት ጎረቤቶች ናቸው። በፌርሄቨን ሰው በዙሪያው ነበረ። በመጨረሻው ጉዞው ግን እንደዚያ ያለ ጎረቤት አልነበረውም።

ሁለተኛው ነገር የስሟ ጉዳይ ነው። የዕድራችንን መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ገልጣችሁ እዩት። እዚያ ላይ ከተጻፉት ስሞች ብዙዎቹን እኛው ራሳችን ቀብረናቸዋል። ዳኛው ተለውጠዋል፤ ጸሐፊው፤ ገንዘብ ያዡ፤ ጡሩንባ ነፊው ሳይቀር ተተክተዋል። ድስቱም ወንበሩም የዛሬ ነው። ሆኖም ዕድሩ ያው ዕድር ነው። አንዱ ሳንቃ ሲወጣ ሌላው በቦታው ስለሚገባ ስሙ አልጠፋም። አዲስ የገባ ወጣት አባል፤ እኔ መሥራች አይደለሁም ብሎ ራሱን እንግዳ አያድርግ፤ የስፕሬይም ሳንቃ ሁሉ አዲስ ነበር።

ሦስተኛው ግን ያሳስበኛል። አንድ ጊዜ አሳምሮ መጠገን አይበቃም። ያንን ኮራል የሰነጠቀ እንጨት የሠራ እጅ በመጨረሻ ዘመኑ ጥገናውን ችላ አለ፤ ባሕር ደግሞ ችላ ያሉትን አይምርም። የእኛም ድንኳን ሸራ ነው፤ ያውም እንደ ስፕሬይ ሸራ ነፋስና ዝናብ የሚመታው። ቀዳዳው በመርፌ የሚያዝ ሳለ ካልሰፋነው፤ መዋጮው በሰዓቱ ካልገባ፤ ስብሰባ ላይ ሰው ከሌለ፤ አንድ ቀን በለቅሶ ማግሥት እናፍራለን። ታዋጣለህ ወይ እያሉ ይጠይቁት እንደ ነበር አትርሱ። የዕድር ሒሳብ የሚታወቀው በዕለቱ አይደለም፤ ሰው በወደቀበት ቀን ነው።

ስሎከም መቃብር የለውም። ሆኖም ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች የስፕሬይን ልክ እየወሰዱ ጀልባ ይሠራሉ፤ በየጊዜው አንዲት ስፕሬይ ውኃ ትገባለች። ለእኛ ደግሞ ቀባሪም አስተዛዛኝም አያሳጣን፤ የጀመርነውን የምናድስበት ጉልበት ይስጠን። ዓመት ዓመት ያድርሰን።